ለሰው ስሰበስብ ኖሬ ለራሴ እንዴት ልጠይቅ?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዳችሁን ዘወትር አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን። እኔ ሆም ኬር እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳ ነበር። ከአራት ወር በፊት ወገቡን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ሐኪሙ እስካሁን እንዲነዳ አልፈቀደለትም። ኪራያችን 2,150 ዶላር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ካጠራቀምናት ላይ ከፈልን። የሦስተኛውን ወር ግማሹን ብቻ ሰጠን፤ የዚህን ወር ጭራሽ አልከፈልንም። ባለፈው ሐሙስ ማታ ከሥራ ስመለስ በራችን ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ፤ በአሥር ቀን ውስጥ ካልከፈላችሁ ይላል። ትልቋ ልጄ እንዳታየው ገንጥዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በአሥር ቀን ውጡ ማለት ነው?

ባለቤቴ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስምሎኛል። “እጃችንን ለሰው ዘርግተን አናውቅም፤ ዛሬም አንዘረጋም” ይላል። በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሰው ሲታመም፣ ሐዘን ሲደርስ፣ ስም ዝርዝር ይዤ እየዞርኩ ገንዘብ የማሰባስበው እኔ ነኝ። ታዲያ በእነዚያው ሰዎች ፊት በየትኛው ዓይኔ ልቁም? አንዷ ጓደኛዬ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ኪራይ ያግዛሉ ትለኛለች፤ ሌላዋ እርዳታ ከወሰድሽ ዜግነት ይከለክሉሻል ብላ አስፈራራችኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት ላመለክት ነው። ደሴ ላሉት እናቴ በየወሩ 200 ዶላር እልካለሁ። እቁብም አለብኝ፤ ዕጣዬ ገና አልወጣም። ከየቱ ልጀምር? ለባለቤቴ የገባሁትን ቃልስ ምን ላድርገው?

ስሜ ይቆይ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ


ስሜ ይቆይ ያልሽኝ እህቴ፣

ጉዳይሽ ቀን የሚቆጠርበት ስለሆነ ዋና ዋናውን አስቀድሜ በኢሜይል ልኬልሻለሁ። እዚህ ሰፋ አድርጌ የምመልሰው ለአንቺም፣ እንዳንቺው ጨንቋቸው ዝም ላሉትም ብዬ ነው።

በወረቀቱ እንጀምር። ውጡ ማለት አይደለም። በሜሪላንድ ሕግ አከራይ ባልተከፈለ ኪራይ ከመክሰሱ በፊት ለተከራዩ የአሥር ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ከኦክቶበር 2021 ወዲህ እንዲህ ነው የሚሠራው። በርሽ ላይ የተለጠፈው እሱ ነው፤ ካልከፈላችሁ እከሳችኋለሁ ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ ክሱ ይገባል፣ የቀጠሮ ቀን ያለበት መጥሪያ ይመጣል፣ ዳኛ ፊት ትቀርባላችሁ። ቢፈረድባችሁ እንኳ ከቤት የሚያስወጣው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ የሚመጣ ሸሪፍ እንጂ አከራዩ አይደለም። አከራዩ በገዛ ሥልጣኑ ቁልፍ ቢቀይር ወይም መብራት ቢያቋርጥ ሕግ ተላልፏል። ከተፈረደም በኋላ ቢሆን፣ ሸሪፉ ሥራውን ከመፈጸሙ በፊት የተፈረደውን ዕዳና የፍርድ ቤቱን ወጪ አሟልታችሁ ከከፈላችሁ ቤታችሁ ውስጥ ትቆያላችሁ። ይህ ዕድል የሚጠበው በአንድ ዓመት ውስጥ ተደጋግሞ ለተፈረደበት ተከራይ ነው፤ እናንተ ገና አንዴም አልተከሰሳችሁም። እናም ጊዜ አላችሁ። ተዘናግታችሁ የምታሳልፉት ጊዜ ግን አይደለም።

ያንን ወረቀት ከቦርሳሽ አውጪው። በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ የተለጠፈበትን ቀንም ጻፊበት። ያሳፈረሽ ወረቀት ነገ የትኛውም ድርጅት ስትሄጂ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ነው። ኪራይ የሚያግዙ ድርጅቶች ብዙዎቹ ገንዘባቸው ውስን ስለሆነ ቅድሚያ የሚሰጡት ቤቱን የማጣት አደጋ በጽሑፍ ለደረሰበት ሰው ነው። መጥሪያ ሲመጣም እንደዚሁ፤ አትደብቂው፤ በቀጠሮውም ቀን አትቅሪ። ቀርተሽ ከሆነ አንቺ በሌለሽበት ይፈረዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ ይጠባል። ሜሪላንድ በ2021 ባወጣችው ሕግ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ተከራዮች ከቤት የማስወጣት ክስ ሲመሠረትባቸው በነጻ ጠበቃ እንዲቆምላቸው ተደርጓል። ፍርድ ቤቱም የአማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ ቀድመሽ መጠየቅ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ሰውዬው ክፉ አይደለም። ወገቡን ታሞ፣ ከሥራ ቀርቶ፣ ሚስቱ ማለዳ ወጥታ ማታ ስትገባ ሶፋ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ነው። ከቤቱ ገቢ የቀረችው የሱ ድርሻ ስለሆነች፣ ዕርዳታ መጠየቅ የሚለው ቃል ለሱ ጆሮ “አልቻልክም” ብሎ ነው የሚገባው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ አንቺ ስም ዝርዝር ይዘሽ ስትዞሪ እሱ ከኪሱ አውጥቶ አይሰጥም ነበር? ሲሰጥስ፣ የታመመውን ሰው ንቆት ያውቃል? አንቺስ አንዱን እንኳ ንቀሽ ታውቂያለሽ? መልሱን ለኔ መጻፍ አያስፈልግሽም። አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ለሱ ጠይቂው።

ከሱ ተደብቀሽ እንድትሄጂ ግን አልመክርሽም። አንደኛ ያማል፤ ሲያውቅ ከኪራዩ የባሰ ነገር ይመጣል። ሁለተኛ የኪራይ ውሉ ላይ የሱም ስም ካለ ያለ እሱ ፊርማ የትም አትደርሺም፤ የቤተሰቡን ገቢ በሙሉ፣ የሐኪሙንም ወረቀት ይጠይቃሉ። ስለዚህ “ለሰው አልነግርም ያልኩህን ቃሌን መጠበቅ አልቻልኩም፤ ከመናገሬ በፊት ግን ላንተ መንገር ፈለግኩ” ብለሽ በግልጽ ብትጀምሪ ደስ ይለኛል። የወረቀቱንም ጉዳይ ካልነገርሽው (ደብዳቤሽ ላይ ማወቁን አልጻፍሽም) ወረቀቱን አሳዪው። ከዚያ ሥራ ስጪው። ይህን የምለው ለማባበያ አይደለም። ቢሮዎቹ ክፍት የሚሆኑት ቀን ነው፤ ቀን አንቺ የሰው አረጋዊ ቤት ውስጥ ነሽ፤ ስልክ ይዞ ሰልፍ መጠበቅ የሚችለው እሱ ነው። ደዋዩ እሱ ይሁን፣ ወረቀት ሰብሳቢዋ አንቺ። ጉዳዩን በእጁ ሲይዘው ልመና መምሰሉ ይቀንስለታል ብዬ አምናለሁ።

የት ይደውል? መጀመሪያ 311፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ቁጥር ነው። ቤት ሊያጡ ለተቃረቡ ሰዎች ድጋፍ የሚሰጠውን የካውንቲውን የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ያገናኙታል። ቀጥሎ 211፣ በመላው ሜሪላንድ የሚሠራ፣ በአካባቢያችሁ የትኛው በጎ አድራጎት ድርጅት በዚህ ሰሞን ገንዘብ እንዳለው የሚጠቁም መስመር ነው፤ ነጻ ጠበቃም የምትጠይቁት እዚያው ነው። እንግሊዝኛው ካስቸገረው “አምሃሪክ” ብቻ ይበል። አስተርጓሚ እስኪያመጡ መስመሩ ጸጥ ይላል፤ አንዳንዴ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ብዙ የኛ ሰው የተቋረጠ መስሎት የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። አትዝጋ በይው። ካውንቲው ብዙ አማርኛ ተናጋሪ እንዳለበት ያውቃል፤ ቅጾቹንም አንዳንዶቹን በአማርኛ ያወጣል፤ ስለዚህ መጠየቅ ማስቸገር አይደለም።

ከመንግሥት ውጭ ያሉትን በተመለከተ ጓደኛሽ ያለችሽ እውነት ነው። ሳልቬሽን አርሚ አለ፤ በካውንቲያችሁ ውስጥ የተለያዩ እምነቶች ምእመናን በጋራ የሚደግፉት ኢንተርፌይዝ ወርክስ አለ፤ በካቶሊክ አጥቢያዎች ደግሞ የቅዱስ ቪንሴንት ዴ ፖል ማኅበር አለ። ይህ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1833 ፓሪስ ውስጥ በወጣት ተማሪዎች የተጀመረ ነው፤ እስከ ዛሬም በጎ ፈቃደኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ችግር ያጋጠመውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው ማነጋገር ልማዳቸው ነው። ሃይማኖትሽን መስፈርት አያደርጉም። ቤቱ ተጸዳ አልተጸዳ ብለሽ አትጨነቂ፤ ቡናም ማፍላት ግዴታሽ አይደለም (ታፈይላቸዋለሽ፣ አውቃለሁ)።

አሠራራቸውን አስቀድመሽ ካወቅሽ ግማሹ ጭንቀት ይቀልልሻል። ገንዘቡን በእጅሽ አይሰጡሽም፤ ቼኩ በቀጥታ ለአከራዩ ነው የሚጻፈው። አንድ ድርጅት ብቻውን ሁሉንም ይሸፍናል ብለሽም አትጠብቂ። የናንተን ዕዳ ላስላው፦ የሦስተኛው ወር ቀሪ 1,075፣ የዚህ ወር 2,150፣ በድምሩ 3,225 ዶላር ነው፤ መቀጫው ሳይታሰብ። መቀጫው በሜሪላንድ ሕግ ካልተከፈለው ኪራይ ከ5 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ አከራዩ ከዚያ በላይ ጽፎ ከሆነ ጠይቁት። ታዲያ አንዱ ድርጅት ጥቂት መቶ ዶላር፣ ሌላው እንዲሁ፣ ካውንቲው የተወሰነውን፣ እናንተ ደግሞ የምትችሏትን ጨምራችሁ ነው የሚሞላው። የመጀመሪያው ድርጅት “ይህን ያህል እንከፍላለን” የሚል ደብዳቤ ሲሰጥሽ ያዢውና ለሁለተኛው አሳዪ፤ ቀሪው ሲያንስ ሁለተኛው ለመወሰን ይቀለዋል። ደብዳቤዎቹን ይዘሽ አፓርትመንቱ ቢሮ ግቢና ለቀሪው ክፍፍል ጠይቂ፤ የተስማማችሁበትን በጽሑፍ ተቀበይ። የቃል ስምምነት ሠራተኛዋ ስትቀየር አብሮ ይሄዳል።

የምታዘጋጁት ወረቀት ብዙ አይደለም፦ የኪራይ ውሉ፣ መታወቂያችሁ፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀቶችሽ፣ የባንክ መግለጫ፣ ያ ማስጠንቀቂያ፣ ከአፓርትመንቱ ቢሮ የምታወጡት እያንዳንዱን ክፍያና ዕዳ የሚያሳይ ዝርዝር። ይህ የመጨረሻው በተለይ ይጠቅማችኋል፤ ለዓመታት በቀኑ ስትከፍሉ እንደነበረና ችግሩ የጀመረው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ መሆኑን ከናንተ አፍ በላይ ይናገራል። ሁሉንም በአንድ ፖስታ አድርጋችሁ፣ ፎቶም አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ። ድርጅቶቹ ለወሩ የያዙት ገንዘብ ቶሎ ስለሚያልቅ “በዚህ ወር ጨርሰናል” ቢሏችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ መቼ እንደገና እንደሚከፍቱ ጠይቃችሁ በዚያው ቀን ጠዋት ደውሉ።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ይህ ነው፤ የምግብ ዕርዳታ ከኪራይ ዕርዳታ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። በካውንቲያችሁ ማና ፉድ ሴንተር የሚባለው ለቤተሰብ አስቤዛ ይሰጣል። ለሁለት ለሦስት ወር የምግቡን ወጪ ከዚያ ብታቃልሉ ለገበያ የምታወጡት ገንዘብ ወደ ኪራዩ ይዞራል። የመብራት ሒሳብ ከተጠራቀመባችሁ ግዛቲቱ ለኃይል ወጪ የምታግዝበት የራሷ ቢሮ አላት። የባለቤትሽ የሆስፒታል ሒሳብስ? አልጻፍሽልኝም፤ ግን የኢንሹራንሱን ቀሪ በክሬዲት ካርድ እየከፈላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሙና ሆስፒታሉን የፋይናንሻል አሲስታንስ ቅጽ ጠይቁ። የሜሪላንድ ሆስፒታሎች ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር እስከ 200 በመቶ ለሆነ ቤተሰብ አስፈላጊ ሕክምናን በነጻ እንዲሰጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ከዚያ ከፍ ላለው ገቢም ቅናሽ አለ። ሰዎች ሆስፒታል እንዳይከሳቸው ፈርተው ካርድ ሲያሟጥጡ፣ ቤታቸው በኪራይ ሲወሰድ አይቻለሁ። የቤታችሁ ኪራይ ይቅደም።

ዜግነትን በተመለከተ ያስፈራራችሽ ጓደኛሽ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ያወራችሽ። “የመንግሥት ሸክም ይሆናል” የሚለው መመዘኛ ቪዛና ግሪን ካርድ ለሚጠይቅ ሰው የሚነሣ ነው፤ ግሪን ካርድ ኖሮት ለዜግነት የሚያመለክት ሰው በሱ አይመዘንም። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከግል በጎ አድራጎት ድርጅት የምታገኙት ደግሞ ጭራሽ የመንግሥት ገንዘብ አይደለም። ከቤተሰባችሁ ገና ግሪን ካርድ ያላገኘ ካለ ግን ከመንግሥት ፕሮግራም ከመውሰዳችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ዜግነትሽን ሊጎዳ የሚችለው ቅጽ ላይ ውሸት መጻፍ ነው፤ ያገኛችሁትን ሁሉ፣ ትንሽም ብትሆን፣ እንዳለ ጻፉ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስንመጣ፣ ስም ዝርዝርሽ ላይ የራስሽን ስም ጽፈሽ እንድትዞሪ ማንም አይጠይቅሽም። አንድ ሰው ብቻ ይወቅ። የንስሐ አባታችሁ ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ የሰማ ጆሯቸው ምሥጢር ይይዛል፤ ሰበካ ጉባኤው ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚያወጣው ገንዘብ ካለውም በሳቸው በኩል በጸጥታ ይሆናል። ባለቤትሽም ከማንም በላይ እሳቸውን ሊሰማ ይችላል። ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት ከሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰቢያው) ብለው የሚመክሩሽ አይጠፉም። እኔ በበኩሌ ሌላው ሁሉ ሳይሞከር እዚያ ባትደርሱ እመርጣለሁ፤ ፎቶአችሁና ታሪካችሁ በአንድ ቀን ከሲልቨር ስፕሪንግ አልፎ ደሴ ይደርሳል፣ ልጆቻችሁም ትምህርት ቤት ይሰሙታል። የባለቤትሽንም ቁስል ይነካል። በዚህ የማይስማሙ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ብዙ ቤተሰብም ከመውደቅ አድኗል። ግን አንዴ ከወጣ አይመለስም።

እቁቡን አታቋርጪ፤ ዋስ የሆነሽ ሰው አለ፣ ስምሽም እዚያ ነው ያለው። ይልቅ የእቁቡን ዳኛ ለብቻው አግኝተሽ ችግር እንዳጋጠመሽ ንገሪው፤ ዝርዝሩን መናገር የለብሽም። ችግር ለደረሰበት አባል ዕጣ ማስቀደም በብዙ እቁብ የታወቀ ነው፤ ካልሆነም ዕጣ የወጣለት ሰው ከአንቺ ጋር ሊለዋወጥ ይችላል። ይህ ከተሳካ ዕዳውን በአንድ ጊዜ የሚዘጋው እሱ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን መክፈልሽ ይቀጥላል፤ በየጊዜው የምትጥይው ከደመወዝሽ ላይ መውጣት መቻሉን አስልተሽ ግቢበት።

ስለ እናትሽ ጥያቄው 200 ዶላሩ ምን እያደረገ ነው የሚለው ነው። መድኃኒት የሚገዛ ከሆነ አይነካ። ለቤት ወጪ ከሆነ ለሦስት ወር ግማሹን ላኪ፤ አገር ቤት ያለ ወንድም ወይም እህት ካለሽ እውነቱን ለነሱ ንገሪና ቀሪውን ይሸፍኑ። ለእናትሽ “ሥራ ቀንሷል” ማለቱ በቂ ነው፤ ውሸትም አይደለም።

የቀረው አንድ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ድርጅቶቹም መጠየቃቸው አይቀርም፦ ይህን ዕዳ ብንከፍልላችሁ የሚመጣውን ወር በምን ትከፍላላችሁ? ከመደወላችሁ በፊት ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ መልሱን ሥሩ። ባለቤትሽ በሁለት ወር ውስጥ ወደ ሥራ የሚመለስ ከሆነ የምትፈልጉት መሻገሪያ ነው፤ ያንን በልበ ሙሉነት ተናገሩ። እስከ ክረምት የሚቆይ ከሆነ ግን በአንቺ ደመወዝ ብቻ 2,150 ዶላር አይዘለቅም፤ ያኔ ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ መፈለግ፣ ውሉ ሲያበቃ አነስ ወዳለ ቤት መሄድ፣ ወይም ለጊዜው ከዘመድ ጋር መዳበል የሚሉትን ሳትጨቃጨቁ ተነጋገሩባቸው። ይህን ሁሉ የሚወስነው የሐኪሙ ቃል ስለሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረሽው ግቢ። “ታካሚው መሥራት አይችልም” የሚል ደረቅ ወረቀት ተቀብላችሁ እንዳትወጡ፤ ከመቼ ጀምሮ መሥራት እንዳልቻለና መቼ እንደሚመለስ እንደሚጠበቅ ቀኑ ተጽፎ ይፈረምበት። ቀን የሌለው ደብዳቤ “ሌላ አምጡ” ያስብላልና።